ደመ ከልብ

በጻፍኋቸው ተውኔቶች ውስጥ ሌሊት በሆነ ቍጥር ውሻ ይጮኻል። የድሮ ጽሑፎቼን አገላብጬ ስቈጥር በአምስቱ ውስጥ «ከመድረኩ በስተጀርባ የውሻ ጩኸት ይሰማል» የሚል መመሪያ አገኘሁ፤ በአንደኛው ውስጥ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አዘጋጆች ተቃውመውኝ አያውቁም። ቴፕ መክፈት ቀላል ነው፤ ተመልካቹም ጩኸቱን ሲሰማ «መሸ» ብሎ ይቀበላል። ውሻው የማን እንደ ሆነ፣ ርቦት ይሁን አሞት የጠየቀኝ ተዋናይም ሆነ ሐያሲ የለም። እኔም እስከ 2011 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የምኖረው አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ የራጉኤል ቅዳሴና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ ንጋት ተከታትለው ከሚሰሙበት መንደር ነው። ሌላው የአዲስ አበባ ነዋሪ መርካቶን የሚያውቃት በቀን ነው፤ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ሲጋፋ፣ የቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻ ሲያስተጋባ፣ ደላላው ሲምል። ማታ፣ የብረት መዝጊያው ሁሉ ተራ በተራ ከወረደ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው «መርካቶ ኢንዲጂኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ ብለው በሠፈሩት በዚህ ቦታ የተከማቸው ሀብት ሁሉ ሌሊቱን የሚያድረው በዘበኛና በውሻ እጅ ነው። ዘበኛው ዱላ አለው፤ ዱላው ግን ከውሻው ጆሮ ቀድሞ አይነሣም። የሰው ጆሮ ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ አይሰማም፤ የውሻ ጆሮ 40,000ን አልፎ ይሄዳል። ከጣሪያ ላይ የሚነቀል ምስማር ገና ሲጥ ሲል፣ እኛ ሳንነቃ እርሱ ተነሥቶ ቆሟል።

የእኛን ውሻ ታዛቢ ብለው የሰየሙት የተራችን ዘበኛ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ ተውኔት ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ካስረዳኋቸው በኋላም ጋዜጠኛው ይሉኛል። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ጭድ ተራ አጠገብ ጎርፍ ሊወስደው ሲል አንሥተው በካፖርታቸው ጠቅልለው አመጡት። ጆሮው ትልቅና የተንጠለጠለ፣ ቡናማ ቡችላ ነበር። ጋሼ በአገራቸው ልማድ ጆሮውን ሊቈርጡት ምላጭ አዘጋጅተው ነበር፤ ጆሮው የተቈረጠ ውሻ ቍጡ ይሆናል፣ ሲጣላም ባላንጣው የሚይዘው ነገር አያገኝም ይባላል። የከለከልኋቸው እኔ ነኝ። ስለዚህም ነገር ወቅሰውኝ አያበቁም። ውሻው የሚያድረው እርሳቸው ዘንድ፣ የሚበላው እኔ ዘንድ፣ የሚከተለው ደግሞ አጥንት የሚወረውርለትን ሁሉ ነው።

በሽታው የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። የግራ ጆሮውን በኋላ እግሩ ያክካል፤ ራሱን ያራግፋል። ሌሊት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ የጆሮው ቅጠል ከራሱ ቅል ጋር እየተላተመ ጠፍ፣ ጠፍ ሲል ይሰማኛል። ያን ጊዜ የምጽፈው ሰሚ ስላጣ አንድ ሽማግሌ ነበር። ድምፁ ሐሳቤን ስለ በተነብኝ መስኮቱን እዘጋ ነበር። ይህን የምናገረው ነገሩን ለማሳመር አይደለም፤ መስኮቱን በእርግጥ ዘግቻለሁ።

መስኮት የማይከለክለው ሽታ በመጣ ጊዜ ለሰው የተሠራ የጆሮ ጠብታ ገዝቼ አደረግሁለት። ሻጩ «ለሰው የሆነ ለውሻ ያንሳል እንዴ?» አለኝ፤ እኔም ዲግሪዬን በግድግዳ ላይ ሰቅዬ አመንሁት። ሰፈሩም የየራሱን አዘዘ፤ አንዱ ለጋ ቅቤ፣ አንዱ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ አንዱ ናፍጣ። እምቢ ያልሁት ናፍጣውን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት በዚህ ዓይነት አለፈ። በመጨረሻ የጆሮው ቀዳዳ በሥጋ ተደፈነ፤ ታዛቢም አጥንት መቈርጠም ተወ፤ ሲያዛጋ እንኳ ከሕመሙ የተነሣ ይጮኽ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ያየው ያን ጊዜ ነው። ወጣት ሐኪም ነበር። ጣቱን ከጆሮው ሥር አሳርፎ ቀስ ብሎ ጫን አደረገና «ጠንክሯል» አለ። የውሻ የጆሮ መንገድ እንደ እኛ አጭርና ቀጥ ያለ አይደለም፤ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያም እንደ ምድጃ ጭስ ማውጫ ቧንቧ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። እርጥበቱም መግሉም የሚጠራቀመው በመታጠፊያው ላይ ነው። ለዓመታት ሲቈስል የመንገዱ ግድግዳ ይወፍራል፤ ለስላሳው ክፍል ወደ አጥንትነት ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ ቢጨመር መግቢያ የለውም። የቀረው መንገዱን ሙሉ በሙሉ ቈርጦ ማውጣትና ከጆሮው ታምቡር በስተጀርባ ያለውን፣ እንቍላል የሚመስለውን የአጥንት ጎድጓዳ ከፍቶ ማጽዳት ነው።

«በዚያ ጆሮው ከእንግዲህ አይሰማም፤» አለ ሐኪሙ፤ «አሁንም እኮ አይሰማም። ከሕመሙ ግን ይገላገላል።»

ጋሼ ጣልቃ ገብተው «ያኔ ብንቈርጠው ኖሮስ?» አሉ። ሐኪሙ የውጪውን ቅጠል መቍረጥ ከውስጡ በሽታ እንደማያድን በትዕግሥት አስረዳቸው። እስከ ዛሬ አላመኑም።

እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ቢሾፍቱ ነው ተባልን። ከተማዋ ደብረ ዘይት ትባል በነበረ ጊዜ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚያ ነው። ታክሲ ውሻ አይጭንም። ጎረቤታችን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ግን ወደ አዳማ የሚመላለስ አይሱዙ ነበራቸው። «ልብሴን አያስነካኝ እንጂ ይሳፈር፤ የዋሻዎቹ ሰዎች ውሻም በቁርአን ተወስቷል» አሉና ፈቀዱ። ቀጥለውም ሳቅ ብለው «ሉሉን አደረጋችሁት እኮ!» አሉ። ሉሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ስም መሆኑን በሐጂ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ የሚሸናውን የሚጠርግ አንድ አገልጋይ ነበረ ብሎ ጽፏል። እውነት ስለ መሆኑ የሚጠራጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከተጠራጣሪዎቹ ነኝ። ቀልዱ ግን ዘልቆ ተሰማኝ። ለውሻ መድከም የቤተ መንግሥት ነገር ነው ማለታቸው ነበርና።

ይህንኑ ነገር ያለ ቀልድ የነገረኝ አንድ ተሸካሚ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት አይበልጥም፤ በተራችን ጭነት የሚያወርድ፣ ከእኔ ጋር በሰላምታ ብቻ የምንተዋወቅ ልጅ ነው። ታዛቢን ጠቅልለን ወደ አይሱዙው ስናወጣ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ አየን።

«ባለፈው ዓመት የሲሚንቶ ከረጢት ወገቤን ሲመታኝ፣ ሐኪም ቤት የሄድሁት በእግሬ ነው፤» አለኝ። «አይሱዙው ግን ያኔም እዚሁ ቆሞ ነበር።»

የምመልስለት አጣሁ። ለጭነቱ፣ ለመድኃኒቱና ለመመላለሻው ሁሉ ያወጣሁት ሲደመር 6,000 ብር ገደማ ሆኗል፤ ይህ ገንዘብ ለእርሱ የስንት ቀን ሸክም እንደ ሆነ እኔም እርሱም ማስላት አያቅተንም። በመንገድ ላይ ሁሉ መልስ ስፈልግ ሄድሁ። ሶቪየቶች በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ያወጧት ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተለቀመች ባለቤት የሌላት ውሻ መሆኗ ትዝ አለኝ። ፓቭሎቭ ይሠራበት በነበረው የሌኒንግራድ ተቋም ግቢ በ1935 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ለዋሉት ውሾች ሐውልት መቆሙም ትዝ አለኝ። ቃሊቲ ስንደርስ ይህ ሁሉ ለልጁ መልስ እንደማይሆን ገባኝ። እርሱ የጠየቀኝ ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ወገቡ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ኅዳር 10 ቀን፣ ሰኞ ተደረገ። ዛይላዚንና ኬታሚን የተባሉትን ማደንዘዣዎች ወጉት፤ ምላሱ ወደ ጎን ወጣ፤ ጋሼ «ሞተ» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከበሩ ላይ ቆሜ ጥቂት እንዳይ ተፈቅዶልኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ቀዶ ሐኪሙ እጅግ የተጠነቀቀው ለፊት ነርቭ ነበር፤ ከጆሮው መንገድ ሥር ተጠምዝዞ ያልፋል፣ ያበጠውም ሥጋ አቅፎ ይዞታል። ቢበጠስ የፊቱ ግማሽ አይመለስም። ቢሳብ ግን ለሳምንታት ደንዝዞ ይመለሳል። አንድ ተማሪ ደሙን በጥጥ እየጠረገ፣ ጥጡንም እየቈጠረ ያስቀምጥ ነበር።

ስንት ጥጥ እንደ ሆነ አብሬው ስቈጥር ያ የግእዝ ቃል መጣብኝ። ካሽና ተበቃይ ያጣ የሰው ደም «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን፤ የውሻ ደም ማለት ነው፤ ፈስሶ የማይጠየቅ፣ ማንም የማይቈጥረው። እነሆ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቈጠር የውሻ ደም አየሁ። የግእዙ «ከልብ» እና የአማርኛው «ከልብ» በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ ባለቅኔ ሁሉ በዚህ ሳይጫወት አላለፈም፤ እኔም በዚያች ሰዓት ተጫወትሁበት። ከዚያ ጥጡ አለቀና ተማሪው ሌላ አመጣ።

ወደ መርካቶ የተመለስነው ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው። ከተማው በሙሉ ጭስ ነበር። የኅዳር በሽታ የሚባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከፈጀ ልክ መቶ ዓመት ሆኖት፣ ሰዉ እንደ ልማዱ ጥራጊውን በየደጁ ያቃጥላል። ታዛቢ በዚያ ጭስ ውስጥ ከአይሱዙው ሲወርድ ላየው ሰው የሚያስደስት አልነበረም። የግራ ራሱ ተላጭቶ በስፌት ተሸንሽኗል። አንገቱ ላይ፣ እንዳያክክ፣ ምናለሽ ተራ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ያስቈረጥንለት ቀፎ አለ። የጆሮው ቅጠል እንዳለ ነው፤ ቀዳዳ ግን የለውም፤ ሥሩ ተሰፍቷል። (እንዲህ ያለ ጆሮ፣ ላዩ ቀጥ ብሎ የቆመ ውስጡ የተደፈነ፣ በየስብሰባው አዳራሽ አይቻለሁ፤ በቀዶ ሕክምና መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።) ሐኪሙ የፈራው ነገርም ደርሷል፤ ነርቩ ደንዝዞ ነበር። የግራ ዓይኑ አይከደንም፤ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ራሱን ወደ ግራ አዘንብሎ እየተንገዳገደ ይሄዳል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን መልክ እስቲ ከሐኪም ቤት አውጥተህ መርካቶ መካከል አቁመው!

በማግሥቱ ጠዋት የዓይን ቅባት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ታዛቢ ገመዱን ፈትቶ ወጥቶ ኖሯል። ተሸካሚው ልጅ ጭነቱን ከመሬት ጥሎ «አብዷል! አብዷል!» እያለ ይጮኻል። ሴቶች ልጆቻቸውን ይጎትታሉ፤ የሱቅ መዝጊያዎች ይወርዳሉ፤ ድንጋይ ያነሣ አለ፤ የሚዛን ብረት የያዘም አለ። ጋሼ ካፖርታቸውን ውሻው ላይ ጥለው፣ በላዩ ላይ ተደፍተው «መጀመሪያ እኔን!» ይላሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ማለት ነው። እኔ እጄን አውለብልቤ የክትባት ወረቀቱን አወጣሁ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሰጠው ነው፣ ማኅተም አለበት።

«ወረቀትማ መርካቶ ውስጥ ምን ጠፍቶ!» አለ ልጁ።

ያን ጊዜ ያልሁትን እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ። በሰው ፊት አላዋቂ ብዬ ሰደብሁት። ሕይወቴን በሙሉ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ የጻፍሁ ሰው፣ ሸክም ተሸክሞ የሚያድርን ልጅ፣ በውሻ ምክንያት፣ አላዋቂ አልሁት።

አልተቈጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። በአገር ቤት ታናሽ እኅቱን ውሻ ነከሳት። ቍስሉ ትንሽ ነበር፤ የአገር መድኃኒት ተሰጣት፤ ዳነ። ከሁለት ወር በኋላ ውኃ ሲሰጧት ጕሮሮዋ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የውኃ ድምፅ እንኳ ስትሰማ ትንፈራገጥ ጀመር። እርሱ እግሯን ይዞ ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተች። «የነከሳት ውሻም እንዲህ ነበር፤» አለኝ፣ ወደ ካፖርታው እያመለከተ፤ «አገጩ ወርዶ፣ ለሃጩ እየፈሰሰ።»

ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በአዲስ አበባ ውሻ የነከሰው ሰው «ፓስተር ሂድ» የሚባለው ከዚያ በመጣ ስም ነው፤ ቀድሞ ለብዙ ቀናት በሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ የሚያስታውሱ ሽማግሎች በየተራው ይገኛሉ። ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ያድናል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ እኔ በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ልጁ የሚያውቀው እግሯን ይዞ ነው።

ያስታረቁን ሐጂ ናቸው። ከደጃቸው በርጩማ አስወጥተው እንደ ሸንጎ ተቀመጡና ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ያበደ ውሻ ምልክቱ ከታየበት በኋላ አሥር ቀን እንደማይቆይ፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ እንደሚሞት ተናገርሁ። «እንግዲያውስ ይታሰር፤ አሥር ቀን ይቈጠር፤» አሉ። «የሚቈጥረው ማን ነው?» አለ አንዱ። ሐጂ ልጁን አመለከቱ።

በዚያው ማታ ሥራውን ጨርሶ መጣ። ከልብስ ሰፊ የለመነውን ጠመኔ ይዟል። በጋሼ ማደሪያ ቆርቆሮ በር ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ከሦስት እርምጃ በላይ አልቀረበም። «ውኃ ይጠጣል?» ብቻ ብሎ ጠየቀ።

አልጠጣም ነበር። ከንፈሩ ስለ ደነዘዘ ውኃው በጎን ይፈስበታል፤ የጀሪካኑ ቀፎ ከገበታው ጋር ይጋጭበታል። ቀን ለቀን ቀፎውን እያወለቅን በእጃችን መዳፍ እናጠጣው ጀመር። የማይከደነው ዓይን እንዳይደርቅ በየአራት ሰዓቱ ቅባት ይደረግለታል፤ ከዚያም የዓይኑን ሽፋን በጣት ዘግቶ፣ ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ እርሱ የተሳነውን ጥቅሻ ለእርሱ ማድረግ ያስፈልጋል። እስከ እኩለ ሌሊት ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ። ስንት ጊዜ በቀን ዓይናችንን እንደምንከድን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የሚጽፈውን ሁሉ ትቶ የሌላ ፍጡር ዓይን ሲከድን የሚያድር ሰው መሳቂያ እንደ ሆነ አልጠፋኝም። ተውኔቱ ግን በዚያ ወር አንድ ገጽ አልተንቀሳቀሰም፤ አልቆጨኝምም።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ፤ የውሻ ሁሉ ጾም ነው። መንጋጋው እስኪሽር ለስላሳ ነገር ብቻ እንዲበላ ታዟል። የሐጂ ባለቤት ከሙስሊም ሥጋ ቤት አጥንት እያስመጡ መረቁን በቆርቆሮ ጣሳ ይልኩልን ጀመር፤ ጣሳው እንዳይመለስላቸው አጥብቀው አስጠንቅቀዋል።

በአራተኛው መስመር ማታ ታዛቢ ራሱን ወደ ቀኝ አጣሞ በምላሱ ጥግ ውኃ ላፈ። ልጁ ከቆመበት ሆኖ አየ። ውኃው ሲላፍ የሚሰጠውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ምንም ሳይናገር ሄደ።

ሰባተኛውን መስመር ያሰመረው በእርምጃ ርቀት ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው። አሥረኛው ኅዳር 22 ቅዳሜ ዋለ። ጠመኔው አልቆ ስለ ነበር በምስማር ጫረው፤ እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ። ከዚያ ወረቀቱን ደግሜ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ጣቱን በፊደሉ ላይ እያስኬደ፣ ቀኑን፣ የክትባቱን ዓይነት፣ ማኅተሙን አነበበ።

«ይሄ ዋጋው ስንት ነው?»

ነገርሁት። ከአንድ ቀን ሸክም የማይበልጥ ነበር።

«አገር ቤት ይደርሳል?»

በወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደሚኖር፣ ክትባቱ ግን በበረዶ ካልተያዘ እንደሚበላሽ የሰማሁትን ነገርሁትና የሐኪሙን ስልክ ጻፍሁለት። በቤታቸው ሦስት ውሾች፣ በጎረቤት አምስት እንዳሉ በጣቱ ቈጠረ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ስለ ምኑ?» አለኝ። ስለ ስድቡ መሆኑን ስነግረው ረስቼዋለሁ አለ። አልረሳውም።

ስፌቱ የወጣው ኅዳር 24 ነው። የዓይኑ ሽፋን እስከ ገና ድረስ በግማሽ፣ ለጥምቀት ሙሉ በሙሉ ተከደነ። ከንፈሩ ትንሽ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ፤ የሚያፌዝ ያስመስለዋል፤ ጋሼ «አሁን ገና ስሙን መሰለ» ይላሉ። አጥንት መቈርጠም ጀመረ። ሲያዛጋ አይጮኽም። ራሱን አያራግፍም፤ መስኮቴን ከፍቼ አድራለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ድምፅ ከየት እንደ መጣ የሚታወቀው በሁለት ጆሮ ነው፤ ወደ አንዱ ቀድሞ፣ ወደ ሌላው ዘግይቶ ሲደርስ። ታዛቢ አሁን ሌሊት ኮሽታ ሲሰማ እንደ ድሮው ከሁላችን ቀድሞ ይነሣል፤ የሚጮኸው ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ዞሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ጋሼ ዱላቸውን ይዘው እርሱ ወደ ዞረበት እየሮጡ ባዶ ግድግዳ ያገኙ ነበር። አሁን ሲጮኽ ቆም ብለው ግራውን ራሳቸው ያዳምጣሉ፤ የሚያድሩትም በግራ ጎኑ ነው። ልጁም ጠዋት ጠዋት ጭነት ይዞ ይመጣል። ነጋዴውን፣ ገዢውን፣ እኔንም ጭምር «ዞር በል!» እያለ ይገፋናል። ታዛቢ ያልተደፈነ ጆሮውን ተንተርሶ መንገዱ ላይ ከተኛ ግን፣ ያን ሁሉ ሸክም እንደ ተሸከመ በፊት ለፊቱ ዞሮ ያልፋል።